ብሎውአውት ኮም ደካማ አልበም አይደለም፦ ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ መኝታ ቤታቸውን ስቱዲዮ ባደረጉ ወጣቶች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ጽሑፉ የሚሞግተው ዲጋብል ፕላኔትስ የተባለው የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን «ብሎውአውት ኮም» የተሰኘ አልበም «የተረሳ ዕንቁ» እያሉ የሚቀባበሉትን ቢት ሠሪዎች፣ ማለትም ለራፕ ማጀቢያ ሙዚቃ የሚያዘጋጁትን ነው። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ሂፕ ሆፕን እንደሚወዱም ያስታውቃል። ሆኖም ድምዳሜያቸው አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ ደግሞ ሥራውን ገና የሚለምድ ልጅ እጁ ላይ ያለውን መሣሪያና ቤቱ ውስጥ ያለውን ሸክላ እንዲንቅ ስለሚያደርግ፣ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ አልበሙ በገበያ ወድቋል፤ የተረሳውም ሊረሳ ስለሚገባው ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ድምፁ ደብዛዛ ነው፤ ራፐሮቹ ያንሾካሹካሉ፣ አፍ ላይ የሚቀር አዝማች የለውም። ሦስተኛ፣ ከሰው ሸክላ ተቆርጦ የተሠራ ስለሆነ ፈጠራ ሊባል አይችልም፤ ስርቆት ነው። አራተኛ፣ ስለ ብሩክሊን ሰፈሮች የሚያወራ ሥራ ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪ አይነግረውም። ከዚህ ተነሥተው የሰፈሮቻችን ወጣቶች ጊዜያቸውን በእሱ ከሚያጠፉ ዛሬ የሚሸጡትን ትራፕና ድሪል የተባሉ የራፕ ስልቶች ቢማሩ ይሻላል በሚል ምክር ይቋጫሉ።

የገበያው ነገር ብዙ አያከራክርም። ቁጥሩ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የቡድኑ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ታዋቂው ነጠላ ዘፈናቸው በአሜሪካ ሰንጠረዥ 15ኛ ደርሷል፤ በዓመቱም ግራሚ አምጥቶላቸዋል። ብሎውአውት ኮም በኦክቶበር 1994 ወጥቶ በአልበሞች ሰንጠረዥ ከ32ኛ አላለፈም፤ ቡድኑም በ1995 ተበተነ። ነገር ግን በወጣበት ዓመት ያልተሸጠ ሁሉ አይረባም ከተባለ፣ በዚያው 1994 የወጣው የራፐሩ ናስ «ኢልማቲክ» ፕላቲነም (የአንድ ሚሊዮን ሽያጭ ማዕረግ) የተባለው በ2001 መሆኑን ምን እንበለው? ወደ ቤታችን እንምጣ ካልን፣ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ አልበሙን ቢቀዳም፣ የዚያ ዘመን ሥራው በዓለም ዙሪያ አድማጭ ያገኘው ኢትዮፒክስ የተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ኅትመት በ1998 አራተኛ ቅጹን ለእሱ ከሰጠና ሙዚቃው በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ከተሰማ በኋላ ነው። በጸሐፊው ሚዛን ሙላቱም ተረስቶ መቅረት ነበረበት። ብሎውአውት ኮም ራሱ በ2013 ዳግም በሸክላ ታትሟል። ከአባላቱ አንዱ የሆነው በተርፍላይም ከዓመታት በኋላ ሻባዝ ፓላስስ የሚባል ቡድን ይዞ፣ በ2011 እዚህ አልበም ላይ የጀመረውን መንገድ የበለጠ የገፋ ሥራ አውጥቷል።

ሁለተኛው ክስ ዋናው ነው። ጸሐፊው አልበሙን ታክሲ ውስጥ በስልካቸው ሲሰሙት «ባዶ»፣ ቤታቸው ገብተው በብሉቱዝ ስፒከር ሲሰሙት ደግሞ «ቃሉ ቤዝ ውስጥ የሰመጠ» እንደሆነባቸው ጽፈዋል። ሁለቱን ቅሬታዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንድ ሚክስ (የድምፆቹ ሚዛን) በአንድ ጊዜ ቤዝ የጎደለውም ቤዝ የበዛበትም ሊሆን አይችልም። አልበሙ ያው ነው፤ የተለዋወጠው መስሚያው ነው።

በዚህ አልበም ላይ መሪው ድምፅ ቤዝ ነው። በብዙ የሂፕ ሆፕ ሥራ ቤዝ ከከበሮው ሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ ሲሆን፣ እዚህ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። የቡድኑ ራፐሮች በተርፍላይ፣ ሌዲበግ መካ እና ዱድልበግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ከእሱ ጋር ላለመሻማት ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ክፍት ክሮቹ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ላይ ይነዝራሉ። የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ስለዚህ አልበሙን በስልክ የሰማ ሰው ዘፋኙ የወጣበትን ባንድ እንደሰማ ይቁጠረው፤ «ባዶ» ቢለው አይፈረድበትም፣ ግን የሰማው አልበሙን አይደለም።

ቤት ውስጥ ያጋጠማቸው ደግሞ የክፍሉ ጠባይ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬትና ልስን ነው፤ ድምፅን መልሶ ይወረውራል። 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል እንውሰድ። የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ብለን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስናካፍል፣ በ4 ሜትሩ አቅጣጫ 43 ኸርዝ ገደማ፣ በ3 ሜትሩ ደግሞ 57 ኸርዝ ገደማ ይወጣል። ክፍሉ ራሱ የሚያጓራባቸው ድምፆች እነዚህ ናቸው። ከላይ ካልናቸው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የቤዝ ክሮች፣ ከ41 እና ከ55፣ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከቱ። ቤዝ ተጫዋቹ እነዚያን ድምፆች በነካ ቁጥር ክፍሉ አብሮት ያጓራል፤ ራፐሩም ይዋጣል። ስፒከሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠና የቤዝ ማጉያው ቁልፍ ከተከፈተ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የቤዝ ማጉያውን ማጥፋት፤ ስፒከሩን ከጥግ አውጥቶ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ፤ ከዚያ አድማጩ ራሱ ግድግዳ ተደግፎም ሆነ ክፍሉ መሐል ላይ አለመቀመጥ። ግድግዳው ሥር ቤዝ ይከመራል፤ መሐል ላይ ይጠፋል። 4 ሜትር በሆነው አቅጣጫ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ገደማ ገባ ብሎ መቀመጥ ይበጃል። ብዙዎች ግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሰቅላሉ። ጨርቅ የሚውጠው የጸናጽሉንና የ«ስ» ድምፁን ነው፤ ቤዙን አይነካውም። ስለዚህ ብቻውን ሲሰቀል ክፍሉን የባሰ ጨለማ ያደርገዋል።

ፋይሉም ይታይ። የአልበሙ ርዝመት አንድ ሰዓት ያህል ነው። በ128 ኪሎቢት ከሆነ ጠቅላላው 58 ሜጋባይት ገደማ፣ በ320 ከሆነ 144 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። እጃችሁ ላይ ያለው 30 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ በመንገድ ላይ ተጨፍልቋል፤ እሱን ይዞ ስለ ሚክስ መፍረድ አይቻልም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የ1994 ማስተር (ለኅትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ከዛሬው ድሪል ዝቅ ብሎ ነው የተቀዳው። ሁለቱን አከታትሎ የሚሰማ ጆሮ ጮክ ያለውን «የተሻለ» ይለዋል። ለማወዳደር መጀመሪያ አዲሱን ዘፈን ዝቅ አድርጎ ከአሮጌው ጋር እኩል ማድረግ ይገባል።

«አዝማች የለውም» የሚለው ግን በመስሚያ አይመካኝም፤ በቀላሉ ስሕተት ነው። «ዳያል 7» ላይ ሣራ ዌብ የምትዘፍነው አዝማች አለ። «ቦሮ ቼክ» የተገነባው ሮይ አየርስ ስለ ብሩክሊን ኑሮ በዘፈነው መስመር ላይ ነው። በሌላ በኩል ጸሐፊው ቃሉን መከተል ይከብዳል ማለታቸው ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛው በሰፈር ቋንቋ የተጠቀጠቀ ነው፣ አፍ መፍቻው ለሆነም አይቀልም። አንዳንዱ ዘፈን ከሚገባው በላይ መርዘሙንም እቀበላለሁ።

ወደ ስርቆቱ እንለፍ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል፤ አንዱ የሕግ ነው፣ ሌላው የሙያ።

ሕጉን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሸክላ ቆርጦ መሸጥ ያበቃው ከዚህ አልበም በፊት ነው። በ1991 መጨረሻ አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በራፐር ቢዝ ማርኪ ላይ ከፈረደ ወዲህ፣ ትልልቅ አሳታሚዎች ሳምፕሉን (ከሰው ሸክላ የተቆረጠውን ድምፅ) ሳያስፈቅዱ አልበም ማውጣት ፈርተዋል። በ1994 በትልቅ አሳታሚ በኩል የወጣን ሥራ «ስርቆት» ማለት ከዘመኑ አሠራር ጋር አይሄድም። እኛ ጋ ያለው ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ በዚህ ጸሐፊውን እደግፋለሁ። ከድሮ ካሴት ቆርጦ፣ ስም ሳይጠራ፣ የራስ አድርጎ መልቀቅ በዝቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት የተለያዩ መብቶችን እንደሚያውቅ ቢት ሠሪው መረዳት አለበት። ዜማና ግጥም የደረሰው ሰው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል፤ የቀረጻው መብት ለብቻው ነው፣ የሱም ዘመን 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ሸክላው አሮጌ ነው» ማለት ብቻ አያድንም። ቀረጻው ነጻ ቢሆን እንኳ የዜማው ባለቤት ወይም ወራሹ አለ። ከመልቀቅ በፊት ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሙያው ላይ ግን ፈጽሞ አልስማማም። ሳምፕል ማድረግ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ ልጅ አሮጌ የአማርኛ ሸክላ ቢያገኝ ምን እንደሚገጥመው በዝርዝር እንየው።

በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹ ሸክላዎቻችን አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ዙር የሚጫወቱ፣ በየገጻቸው አንድ ዘፈን ብቻ የያዙ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። እነሱን በ33 ዙር ማጫወት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዘፈኑ 26 በመቶ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል። ችግሩ የሚወርደው ልክ 5 ሰሚቶን (በኪቦርድ ላይ በተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት) አለመሆኑ ነው። 5.2 ያህል ነው። ያቺ ትርፍ የሰሚቶን አንድ አምስተኛ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ኪቦርድ ወይም ቤዝ ሲጨመር ሁለቱ ይጣላሉ፣ ሠሪውም ኖታውን ደጋግሞ እየቀየረ መፍትሔ ያጣል። ኖታው ትክክል ነው። የኪቦርዱን ቅኝት 20 ሳንት (የሰሚቶን መቶኛ) ያህል ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ቀጥሎ ምቱ አለ። ችክችካ በ6/8 ነው የሚመታው፤ የቢት ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ደግሞ 4/4 ላይ፣ 1/16 ተከፋፍለው ነው የሚጠብቁት። ችክችካ የቆረጠ ልጅ ከበሮውን በዚያ ፍርግርግ ላይ በግድ ሲያስተካክል ምቱ ያነክሳል። ሁለት የ6/8 ባሮች አንድ የ4/4 ባር ውስጥ ልክ ይገባሉ፤ ግን ፍርግርጉ ወደ 1/8 ትሪፕሌት፣ ማለትም በአንድ ባር 12 ቦታ፣ መቀየር አለበት። ይሄ ከተደረገ በኋላም በቀጥታ የተጫወተ ባንድ እንደ ማሽን አይሄድም፤ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። አራት ባር ቆርጦ ሲደጋግም መገጣጠሚያው ላይ የሚያደናቅፈው ለዚህ ነው። ቁራጩን በየምቱ ለይቶ፣ እያንዳንዱን ከምቱ መነሻ ላይ፣ የድምፁ ሞገድ ዜሮን በሚያቋርጥበት ነጥብ መቁረጥ ያስፈልጋል። አለዚያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ በየዙሩ ይመጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ቅኝቱ ነው። ትዝታ ላይ የተሠራ ሉፕ (ተደጋጋሚ ቁራጭ) ብዙ ይቅር ይላል፤ ሜጀሩም ማይነሩም ሶል አላቸውና ቤዙ ዶ እና ሶል ላይ ቢመላለስ ይስማማል። አንቺ ሆዬ ግን እንዲህ አይደለም። ከዶ ከተነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ ንጹሕ ሶል የለበትም። በልማድ 808 ቤዙን (ከከበሮ ማሽን የመጣውን ወፍራም ቤዝ) ዶ እና ሶል ላይ ያስቀመጠ ሰው ሶልን ከሶል ፍላት ጋር ያጋጫል፤ በትልቅ ስፒከር ሲሰማ ጥርስ ያፋጫል። ቤዙ ዶ እና ፋ ላይ ቢሆን ግጭቱ ይጠፋል። ይህን ሁሉ በጆሮው ለይቶ የሚያስተካክል ሰው ሙዚቀኛ ካልተባለ ማን ይባላል?

ብሎውአውት ኮምን የምናነሣው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ቁራጩ የመጨረሻ ሥራ ሆኖ አይቀርም፤ በላዩ ላይ በእጅ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ገብተዋል። «ጄቲን» ከቦብ ጄምስ ሸክላ ይነሣል፤ «ናይንዝ ወንደር» ላይ ዲጄ ጃዚ ጆይስ ሸክላውን በእጇ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋች ትቧጭራለች። የቆየውና አዲሱ መገጣጠሚያቸው ሳይታይ አብረው ይሄዳሉ። ናስና ዴሚያን ማርሌይ በ2010 የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ሲሠሩም የሆነው ይኸው ነው፤ ሸክላው አልሞተም፣ አዲስ ጆሮ አገኘ።

አራተኛው፣ ስለ ብሩክሊን ስለሆነ አይነግረንም የሚለው፣ በግሌ ያሳዘነኝ ነው። ቡድኑ ይኖርበት የነበረው ፎርት ግሪን በዚያን ጊዜ የጥቁር ሠዓሊያንና ሙዚቀኞች ሰፈር ነበር፤ ስፓይክ ሊም የፊልም ድርጅቱን የተከለው እዚያው ነው። አልበሙ ያንን ሰፈር እንደ ፖስትካርድ አያሳይም፤ በስም ይጠራዋል። «ቦሮ ቼክ» ላይ የጋንግ ስታር ቡድን ራፐር ጉሩ ተጨምሮ ሰፈር ሲጠራ የሚሰማው ስሜት፣ ሜክሲኮ ላይ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ! ጀሞ!» ሲል የሚሰማው ነው፤ እየተጠራ ያለው የሚገባበት ቤት፣ የሚያውቀው ሱቅ፣ የሚጠብቀው ሰው ነው። ከመሐል ከተማ ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ የገባ ቤተሰብ ልጅ ሰፈሩ በዘፈን ሲጠራ ሰምቶ ያውቃል? ፒያሳና መርካቶ ተዘፍኖላቸዋል። ቱሉ ዲምቱ ገና ነው። አንድን ሰፈር ሳያጋንኑ፣ ሳያለቅሱበትም፣ በድምፅ እንዴት እንደሚያቆሙት ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ይዘቱም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሉት «የሰፈር ወሬ» ብቻ አይደለም። አንዱ ዘፈን ስሙን የወሰደው ከሜይ 4ቱ እንቅስቃሴ፣ ማለትም በ1919 ቤጂንግ ውስጥ ተማሪዎች ካስነሡት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያሉ የወጡትን የራሱን ተማሪዎች የሚያስታውስ አገር ይሄ አይጠፋውም። የአልበሙ መጽሔት የተዘጋጀው በብላክ ፓንተር ጋዜጣ አምሳል ነው። ርእሱም ሚዶ ነው! አፍሮ ጸጉርን የሚያነሣው፣ ረጃጅም ጥርስ ያለው ማበጠሪያ። ጸጉሩን እንደበቀለ አንሥቶ፣ ሚዶውን ጸጉሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለአፋር ወጣትም፣ በ1960ዎቹ አፍሮውን አጎፍሮ ፒያሳ ለወጣው የአዲስ አበባ ልጅም ማስረዳት አያስፈልግም።

የቀረው ምክራቸው ነው። ትራፕና ድሪል መማር አይከፋም፤ የ808 ማንሸራተትና የሃይሃት (የጸናጽሉ) ጥቅልል የራሱ ጥበብ አለው፣ እንጀራም ያበላል። እንዲያውም ትራፕ ሃይሃቱን በትሪፕሌት ስለሚያስኬድ ከችክችካ ጋር በቀላሉ ይዛመዳል። ያልተቀበልኩት «ይሄንን ትታችሁ» የሚለውን ነው። ዛሬ ከየመኝታ ቤቱ የሚወጣ ቢት የተለመደ ሕመሙ መጨናነቅ ነው፦ ከ30 በላይ ትራክ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ፣ ራፐሩ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፍቶ። ለዚህ መድኃኒቱ ከዚህ አልበም የሚወሰድ ልምምድ ነው። አራት ባር ይያዝ፤ ከበሮና ቤዝ ብቻ ይቅር፣ ሌላው ሁሉ ይዘጋ፤ በላዩ ላይ በንግግር ድምፅ ሁለት ደቂቃ ይቀዳ። ሁለት ደቂቃው ከሰለቸ ጥፋቱ የቤዝ መስመሩ ነው፤ ሌላ መሣሪያ በመጨመር አይድንም፣ መስመሩ እንደገና ይጻፍ። ካልሰለቸ አንድ መሣሪያ ይጨመርና ራፐሩ ዝም በሚልበት ቦታ ብቻ ይግባ።

ለማዳመጥ ለሚነሣ ሰው፣ በቅደም ተከተሉ ከመጀመር መጀመሪያ «ቦሮ ቼክ»ን፣ ቀጥሎ «ጄቲን»ን፣ ከዚያ «ዳያል 7»ን ይስማ። ራፐሩ ጄሩ ዘ ዳማጃ ያለበት «ግራፊቲ» ለጠንካራ ራፕ ወዳጅ ይሆናል። 7 ደቂቃ ያህል የሚረዝመው «ብላክ ኢጎ» መጨረሻ ላይ ይቆይ፤ ጊታሩና ቤዙ ሲመላለሱ ለመከተል ጆሮ መለማመድ አለበት። ጸሐፊውም ስፒከራቸውን ከጥግ አውጥተው፣ የቤዝ ማጉያውን አጥፍተው በዚህ ተራ ቢሰሙትና የሰሙትን ቢጽፉልን፣ በደስታ አንብቤ እንደገና እመልሳለሁ።